የጾም ምግብ ይብላ፣ ግን አይራብ

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከመንዝ ነው። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመሽ አይታየውም፤ ሰፈሩም ዳፍንት ነው ሲል ኖረ። ካለፈው ዓመት ወዲህ እግሩ ይደነዝዘው፣ ያንገዳግደው ጀመር። አዲስ አበባ ወሰድነው። ደሙ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ተመረመረና ሬፍሱም የሚባል በዘር የሚመጣ በሽታ ነው ተባልን። ደሙ ውስጥ ፋይታኒክ አሲድ በዝቷል አሉ። ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ ይተው፣ ቅጠላ ቅጠልም አይብላ የሚል ወረቀት ሰጡን። ሁዳዴ ሲገባ ደስ አለን፤ ጾሙ ራሱ መድኃኒት ይሆነዋል ብለን። እሱም እስከ 9 ሰዓት እየጾመ፣ በኋላም ሱባዔ ገብቶ ቆሎና ውኃ ብቻ እየቀመሰ ሰነበተ። ግን ባሰበት። በጣም ከሳ። አሁን የሚሄደው በምርኩዝ ነው፤ ልቤ ይደልቃል፣ አንዳንዴም ይዘልላል ይላል። እናታችን ቅቤ ስለከለከላችሁት ነው ጅማቱ የደረቀው ትለናለች። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ለኩላሊት በሽተኞች በሚያጥቡበት ማሽን ደሙ ቢታጠብ ይድናል አለን። እኛ የምንጋባው ሰባት ቤት ቆጥረን ነው፤ ይህ በሽታ ከየት መጣ? እኔም ሁለት ልጆች አሉኝ። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ከልቡ እንጀምር፤ ሌላው ሊቆይ ይችላል። በዚህ በሽታ የልብ ምት መዛባት ሰው ይገድላል። ስለዚህ ይህን እንዳነበቡ ወንድምዎን ደብረ ብርሃን ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ይውሰዱት። ሐኪም ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠብቁ። የልብ ምትን የሚያነበው ምርመራ፣ ኢሲጂ የሚባለው፣ በዚያው ቀን ይነሳ። መንገድ ላይም እንዳይራብ። በሶ በስኳር ወይም በማር በጥብጠው እያጠጡት ይሂዱ። ሆስፒታል ደርሶ ምግብ አልወርድ ካለው ወይም ካስመለሰው ግሉኮስ በደም ሥሩ እንዲሰጠው ይጠይቁ። በሽታው ሬፍሱም መሆኑን በቃል ብቻ አይንገሯቸው፤ የውጭውን የላብራቶሪ ውጤት ያሳዩአቸው። ብዙ ሐኪም ይህን በሽታ በሥራ ዘመኑ አንድም ጊዜ ሳያይ ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥያቄዎ ውስጥ አንድ ትልቅ ፍንጭ አለ። ወንድምዎ ቅቤ አልቀመሰም፣ ሥጋ አልበላም፣ ወተት አልጠጣም፤ ግን ባሰበት። ይህ ቤተሰቡን ግራ ያጋባው ነገር ለሐኪም ግራ አያጋባም። የጎዳው ጾሙ ላይ የበላው ነገር አይደለም። ያልበላባቸው ሰዓታት ናቸው።

ፋይታኒክ አሲድ የስብ ዓይነት ነው። ሰውነታችን ራሱ አይሠራውም፤ የሚመጣው ከምግብ ብቻ ነው። መነሻው ሣር ነው። አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ክሎሮፊል አለው፤ ክሎሮፊል ላይ ደግሞ ፋይቶል የሚባል ነገር ተጣብቆ ይገኛል። ላም፣ በግና ፍየል ሣሩን ሲያመሰኩ ሆዳቸው ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ፋይቶሉን ከክሎሮፊሉ ይፈለቅቁታል። ያ ፋይቶል ወደ ፋይታኒክ አሲድ ተለውጦ በወተታቸው ስብና በጮማቸው ውስጥ ይቀመጣል። እኛ ቅቤውንና ሥጋውን ስንበላ ወደ እኛ ይገባል።

ጤነኛ ሰው ይህን ስብ ያለ ችግር ይፈጨዋል። ይህ ስብ ሌሎች ስቦች በሚፈጩበት መንገድ አያልፍም፤ ጎኑ ላይ ያለው ቅርንጫፍ መሰል ነገር ያግደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ልዩ ኢንዛይም መንገዱን መጥረግ አለበት። በአብዛኞቹ የሬፍሱም ታማሚዎች የዚህ ኢንዛይም ጂን ተበላሽቷል። በጥቂቶቹ ደግሞ የተበላሸው ኢንዛይሙን ወደ ሥራ ቦታው የሚያደርሰው ሌላ ጂን ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ስቡ ሳይፈጭ ይቀራል። የጤነኛ ሰው ደም በሊትር ከ10 ማይክሮሞል ያነሰ ፋይታኒክ አሲድ ነው የሚኖረው። በሬፍሱም ታማሚ ብዙውን ጊዜ ከ200 በላይ ይሆናል።

በሽታውን በ1946 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለይተው የጻፉት ሲግቫልድ ሬፍሱም የተባሉ ኖርዌያዊ የነርቭ ሐኪም ናቸው። መንስኤውን ግን ማንም አያውቅም ነበር። በ1963 ክሌንክና ካልከ የተባሉ ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች በአንድ ታማሚ ሰውነት ውስጥ ፋይታኒክ አሲድ ተከማችቶ አገኙ። ያን ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። በዘር ከሚመጡት የነርቭ በሽታዎች አብዛኞቹ እጃችንን አጣጥፈን የምናያቸው ናቸው። ይህኛው ግን ከገበታ የሚመጣ ነገር ስለሚያባብሰው ገበታው ላይ ልንይዘው እንችላለን። ወንድምዎ ከባድ በሽታ ነው የያዘው፤ ግን ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ይህን በደንብ ይያዙልኝ።

ታዲያ ጾሙ ለምን ጎዳው? ሰውነት መፍጨት ያቃተውን ፋይታኒክ አሲድ አብዛኛውን አያስወጣውም። ከቆዳ ሥር ባለው ስብ፣ በጉበትና በነርቭ ሽፋን ውስጥ ያከማቸዋል። የወንድምዎ የሰውነት ስብ በ24 ዓመት ውስጥ የሞላ ጎተራ ነው። ሲጠግብ ጎተራው ተዘግቶ ይቆያል። ሲራብ ግን ሰውነቱ ጉልበት ፍለጋ ስቡን ያቀልጣል፤ በዚያው ስብ ውስጥ የተኛው ፋይታኒክ አሲድም አብሮ ወደ ደም ይፈስሳል። ማታ 2 ሰዓት በልቶ እስከ ማግስቱ 9 ሰዓት የቆየ ሰው 19 ሰዓት እህል አልቀመሰም ማለት ነው። ይህን በየቀኑ ለሳምንታት አደረገው። በላዩ ላይ ሱባዔው ተጨመረበትና ከሳ። ከክብደቱ የቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ ስብ ውስጡ የነበረውን ሁሉ ወደ ደሙ ለቆበታል። ከዚያ ወደ ነርቩና ወደ ልቡ ሄደ።

ስለዚህ ለወንድምዎ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። የጾም ምግብ ይጠቅመዋል። ጾም፣ ማለትም ሳይበሉ መቆየት፣ ይጎዳዋል። እኛ ዘንድ ሁለቱ አንድ ላይ ስለሚሄዱ መለየቱ ይከብዳል። ግን የዚህ ሕክምና ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ በዘይት የተሠራው ሁሉ ይብላ። ዓመቱን ሙሉ ይብላ። ግን ከእንቅልፉ እንደተነሳ ይብላ። ከዚያም በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ልዩነት እንደገና ይቅመስ። ማታም በባዶ ሆድ አይተኛ።

ይህን ለንስሐ አባቱ ራስዎ ይንገሯቸው፤ ቢቻል እሱም አብሮ ይኑር። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን እንደምታላላ እሳቸው ከእኔ በተሻለ ያስረዱታል። ብዙ ወጣቶች በሐኪም ቃል ብቻ ጾም መተው ይከብዳቸዋል፤ ከንስሐ አባት ሲሰሙ ግን ልባቸው ያርፋል። ጠበሉንም ይተው አልልም። ሄዶ ይጠመቅ፣ ይጠጣ። ነገር ግን ስንቁን ይዞ ይሂድ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይብላ፣ ብቻውንም አይሂድ። በዚህ ሁኔታው ቆሎና ውኃ ብቻ ይዞ ሱባዔ መግባት ግን ፈጽሞ አይቻልም።

ወደ ምግቡ ልግባ፤ እዚህ ላይ ነው ሥራው ያለው። ዒላማው በቀን የሚገባው ፋይታኒክ አሲድ ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ነው። አውሮፓ ውስጥ እንደ ልቡ የሚበላ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ለምን 10? ዋናው መንገድ ቢዘጋበትም የወንድምዎ ሰውነት ሌላ ቀርፋፋ መንገድ አለው። በዚያ በኩል በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያህል ማስወጣት ይችላል። የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ ክምችቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ከበለጠ ይጨምራል። ሕክምናው በዚህ ስሌት ላይ የቆመ ነው። በሣር ካደገች ላም የተገኘ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ የቀኑን ድርሻ ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል። ግጦሽ ላይ የዋለች ላም ወተት ደግሞ እህልና ድርቆሽ ከምትመገበው የበለጠ ፋይታኒክ አሲድ አለው። የእኛ አገር ላሞች አብዛኞቹ ግጦሽ ላይ ናቸው። የሸኖ ቅቤ፣ የመንዝ በግ፣ የምንኮራባቸው ነገሮች ሁሉ ለእሱ የተከለከሉ ናቸው።

የሚተወው ይህ ነው፦ የበሬ፣ የበግና የፍየል ሥጋ፤ ጉበትና ዱለት፤ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ። አሬራም ይቅር፤ ቅቤው ወጣ ቢባልም ቤት የተናጠ አሬራ ስብ ይቀርበታል። በአጭሩ፣ የሚያመሰኳ እንስሳ ሥጋና ወተት ለእሱ አይሆንም። በሕጋችን ሥጋቸው የሚበላው የሚያመሰኩት ናቸውና ነገሩ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ቅቤ ሲነጠር ይጠፋ ይሆን ብለው ቢያስቡ፣ አይጠፋም። መንጠር ውኃውንና አጓቱን ነው የሚያስወግደው፤ ስቡማ እንዲያውም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። እሳትም አያጠፋውም። ዓሣም ይተው። በጾም ዓሣ የሚበሉ አሉ፤ እሱ ግን አይብላ፤ በተለይ ስብ ያለው ዓሣ ብዙ ፋይታኒክ አሲድ ይይዛል።

ዶሮ ይችላል። ለበዓል የዶሮ ወጥ አይቅርበት፤ በዘይት ይሠራለት እንጂ። እንቁላል በመጠኑ ይችላል። የኑግ፣ የሱፍ፣ የሰሊጥ ዘይት ሁሉ ይሆነዋል። የአትክልት ቅቤ እየተባለ በቆርቆሮ የሚሸጠውን ግን ጽሑፉን አንብባችሁ ግዙ። የወተት ስብ ወይም የእንስሳት ስብ ከተቀላቀለበት ተዉት። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ድንች፣ ፍራፍሬ እንደ ልቡ ይብላ። ጠዋት ገንፎ በዘይትና በበርበሬ፣ ወይም በሶ በማር ቢሰጡት ለረጅም ሰዓት ጉልበት ይሆነዋል። ጭኮ ግን በቅቤ የታሸ ስለሆነ አይሆንም። ቂንጬም እንደዚያው፤ በዘይት ከሆነ ብቻ።

ከሚታየው ቅቤ ይልቅ የማይታየው ያሰጋኛል። ሆቴል ቤት ሽሮ ላይ ጣል የሚደረገው ቅቤ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባው፣ ቅቤ በነበረበት ድስት የተሠራው ወጥ፣ በወተት የተቦካው ኬክ። የዚህ በሽታ ታማሚዎች አብዛኞቹ ማሽተት ያቅታቸዋል። ወንድምዎን ይጠይቁት፤ ምናልባት ቡና ሲቆላ አይሸተውም፣ እንደ ጉድለትም ቆጥሮት አያውቅ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ሌላው ሰው በማሽተት ብቻ የሚያውቀውን ቅቤ እሱ አያውቀውም። ስለዚህ ሌላ ሰው ይቅመስለት። የራሱ ድስትና ጭልፋ ቢኖረው ጥሩ ነው። ሰርግና ማኅበር ላይ «ትንሽ ነው፣ አይጎዳህም» የሚለው ልመና ብዙ ሕክምና አበላሽቷል። የሚለምኑትም በፍቅር ነው። ቤተሰቡ አስቀድሞ ለዘመድ ቢናገርለት እሱ በየገበታው ከመከራከር ይድናል።

ስለ ቅጠላ ቅጠል የተሰጣችሁ ምክር ግን አሮጌ ነው። ፋይቶል ከአረንጓዴ ቅጠል እንደሚነሳ ሲታወቅ የቀድሞዎቹ ሐኪሞች ጎመኑንም ከለከሉ። ሲያዩት አሳማኝ ይመስላል። በኋላ ግን የሰው ሆድ እንደ ላም ሆድ አለመሆኑ ታየ። እኛ ፋይቶሉን ከክሎሮፊል መፈልቀቅ አንችልም፤ እንደተጣበቀ ያልፋል። ስለዚህ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይብላ። ወተትና ሥጋ ለተወ ሰው ጎመን መከልከል በማይጠቅም ነገር ማስራብ ነው። አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። የእንስሳት ተዋጽኦ በዚህ መጠን የተወ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያጥረው ይችላል፤ የቢ12 እጥረትም ራሱ እግር ያደነዝዛል። ስለዚህ ቢ12 ይለካ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም ይታሰብበት። ለዳፍንቱ ተብሎ ቫይታሚን ኤ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡት። የእሱ ዳፍንት ከቫይታሚን እጥረት የመጣ አይደለም፤ ሲበዛ ደግሞ ጉበት ይጎዳል።

እናታችሁን አትቆጧቸው። ልጃቸው ቅቤ ከተወ በኋላ መክሳቱንና መዳከሙን አይተዋል፤ ያዩት ውሸት አይደለም። ግን ያዳከመው ቅቤ ማጣቱ አልነበረም፤ በቅቤው ፋንታ ሌላ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ አለመተካቱ ነው። በዘይትና በእህል አጥግበው እንዲያበሉት ሥራውን ለእሳቸው ስጧቸው። ቆዳው ደርቆ እንደ ቅርፊት የሚሰነጣጠቅ ከሆነ፣ ያም ከበሽታው ነው፤ ቅቤ ከመቀባት ይልቅ ቫዝሊን ይቀቡት። እጃቸው ላይ ቅቤ ከሌለ ምግቡም ላይ አይደርስም።

አሁን ደም ማጣራቱ። ዘመዳችሁ ግማሹን እውነት ሰምተዋል። በዚህ በሽታ ደም ይጣራል፤ ግን ለኩላሊት በሽተኛ በሚያጥቡበት ማሽን አይደለም። ዳያሊሲስ ውኃ ውስጥ የሚሟሙትን ትናንሽ ቆሻሻዎች ነው የሚያወጣው። ፋይታኒክ አሲድ ደግሞ ደም ውስጥ የሚጓዘው ስብ ተሸካሚ በሆኑ ትልልቅ ፕሮቲኖች ላይ ተሳፍሮ ነው። እነዚያ በዳያሊሲስ ወንፊት አያልፉም። ስለዚህ ወንድምዎን ዳያሊሲስ ላይ ማስተኛት ገንዘብም ጊዜም ማጥፋት ነው፤ ምንም አያወጣለትም።

የሚጠቅመው ፕላዝማ መለወጥ፣ ፕላዝማፌሬሲስ የሚባለው ነው። ደሙ በአንድ በኩል ይወጣል። ማሽኑ ቀዩን ሕዋስ ከፈሳሹ፣ ከፕላዝማው፣ ይለየዋል። ፋይታኒክ አሲዱን የተሸከመው ፕላዝማ ይጣላል፤ በምትኩ አልቡሚን ወይም ከለጋሽ የተገኘ ፕላዝማ ይገባል። አንዱ ጊዜ ጥቂት ሰዓት ይወስዳል። ሌላም የተሻሻለ ዓይነት አለ፤ ፕላዝማውን ሁሉ ከመጣል ይልቅ ስብ ተሸካሚዎቹን ብቻ መርጦ የሚያስቀር። ሁለቱም በየሆስፒታሉ የሚገኙ አይደሉም። ስለዚህ ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚልካችሁ የሪፈር ወረቀት፣ ማሽኑ እዚያ እንዳለ በስልክ ከተረጋገጠ በኋላ ይጻፍላችሁ። የደከመ ሰው ይዞ ከበር ወደ በር መዞር ራሱ ያስርበዋል።

መቼ ነው የሚደረገው? ልቡ ምቱን ሲያዛባ፣ ድክመቱ በቀናት ውስጥ ሲገሰግስ፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ ሲቸግር፣ ወይም ምግቡ እስኪሠራ ለመጠበቅ ፋታ በማይሰጥ ሁኔታ በደሙ ውስጥ ያለው የፋይታኒክ አሲድ መጠን ከፍ ብሎ ሲገኝ። ወንድምዎ ከነገሩኝ አንጻር ወደዚህ ደረጃ ሊጠጋ ይችላል፤ ኢሲጂውና አዲስ የደም ምርመራ ይወስኑታል። ደስ የሚል ሕክምና አይደለም። ወፍራም ቱቦ ደም ሥር ውስጥ ይገባል፤ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። የደም ግፊት ይወርዳል። ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ነገር ካልሲየም ስለሚይዝ ከንፈርና ጣት ይወረዋል። በሽታ የሚከላከሉ ፕሮቲኖችም አብረው ይጣላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ወሰኑን ይወቁ። ማሽኑ የሚያወጣው በዚያ ሰዓት ደም ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ዋናው ክምችት በስቡ ውስጥ ነው። ዛሬ ደሙ ቢጸዳ፣ ነገ ቢራብ ወይም ቅቤ ቢበላ ደሙ መልሶ ይሞላል። ስለዚህ ደም ማጣራት ለአደጋ ጊዜ የሚደረግ፣ ምግቡ እስኪሠራ ጊዜ የሚገዛ ነገር ነው። «አንዴ ታጥቦ ይገላገል» የሚባል ነገር የለም። ቤተሰቡ ከብት ሸጦ ለማጣሪያ ገንዘብ ከማሰባሰቡ በፊት፣ ምግቡ በትክክል መያዙ ይረጋገጥ። አብዛኞቹ ታማሚዎች ምግቡን ጠብቀው ማሽን ሳያስፈልጋቸው ይኖራሉ።

ምን ይጠበቃል? ምግቡ ቢስተካከልም የደሙ መጠን በሳምንት አይወርድም። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። መጀመሪያ የሚሻሻለው ብዙውን ጊዜ ቆዳው፣ የእግሩ ጉልበትና የልቡ ምት ነው። ምርኩዙን የሚጥልበት ዕድል አለው፤ ይህን ተስፋ ስሰጥዎ ሳላስብ አይደለም። ዓይኑ ግን ያጣውን አይመልስም። የማሽተትና የመስማት ጉድለትም እንደዚያው ነው። ምግቡ የሚሠራው የቀረው እይታ እንዳይጠፋ ለመታገል ነው። የዓይን ሞራ ከተጨመረበት በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ መስማት ካቃተው መስሚያ ይረዳዋል። እይታው እንዲመለስ እናደርጋለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አትስጡ። በምሽትም ብቻውን አይውጣ። የመንዝ መንገድ ገደል መሆኑን እኔ ልንገርዎት አይገባም።

መድኃኒት ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አይቡፕሮፌን አይውሰድ። ያለ ማዘዣ በየፋርማሲው ይሸጣል፤ ለእግር ቁርጥማትም ይሰጣል። ሰውነት አይቡፕሮፌንን የሚያብላላበት መንገድ ከፋይታኒክ አሲድ መንገድ ጋር ይጋጫል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው፣ ከባድ ትኩሳት ቢይዘው፣ ተቅማጥና ትውከት ቢበዛበት፣ ያን ጊዜ ሰውነቱ ይራባልና ግሉኮስ በደም ሥር ሳይዘገይ ይጀመርለት። ለቀዶ ሕክምና «ከሌሊት ጀምሮ እንዳትበላ» ቢባል፣ ግሉኮሱ በዚያው ሌሊት ይንጠልጠልለት። ክብደቱን በየሳምንቱ መዝኑ። ከዚህ በላይ እንዳይከሳ። የቀነሰውንም በእህልና በዘይት ቀስ ብሎ ይመልስ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎችም ይጠንቀቁ። ዳፍንት ያለበት ሁሉ፣ እግሩ የሚደነዝዘው ሁሉ ሬፍሱም የለበትም። ይህ እጅግ ብርቅ በሽታ ነው። በአገራችን የእግር መደንዘዝ ሲመጣ ስኳር፣ የቢ12 እጥረት፣ አልኮልና ሥጋ ደዌ ቀድመው መታየት አለባቸው፤ ሥጋ ደዌም ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። ከልጅነት የጀመረ ዳፍንት፣ ማሽተት ማጣትና የእግር መደንዘዝ በአንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ ግን ፋይታኒክ አሲድ ይመርመር።

ወደ ዘሩ ልመለስ። ሰባት ቤት መቁጠራችሁ ትክክል ነው። እንዲህ ያለ በሽታ የሚመጣው አንድ ልጅ የተበላሸውን ጂን ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ነው፤ ዘመዳሞች ሲጋቡ ዕድሉ ይጨምራል። ግን ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎችም ሳያውቁት ያንኑ ጂን ተሸክመው ሊገናኙ ይችላሉ። እናትና አባታችሁ የሆኑት ይህ ነው። አንድ አንድ የተበላሸ፣ አንድ አንድ ጤነኛ ጂን አላቸው፤ ስለዚህ አልታመሙም። ከእነሱ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ የመታመም ዕድል አለው። እናታችሁ በእርግዝና የበሉት ወይም ያልበሉት ነገር አላመጣውም። እርግማንም አይደለም። ይህን በግልጽ ንገሯቸው፤ ብዙ እናቶች ሳይናገሩ ራሳቸውን ሲወቅሱ ይኖራሉ።

የእርስዎ ልጆች የመታመም ዕድላቸው በጣም ትንሽ ነው። እርስዎ ጂኑን ተሸክመው ቢሆን እንኳ ባልዎ ካልተሸከሙት ልጆቹ አይታመሙም። እኔን የሚያሳስበኝ እርስዎ ራስዎና ሌሎቹ እህትና ወንድሞችዎ ናችሁ። ይህ በሽታ በአንዳንዱ ሰው ላይ ከ20 ዓመቱ በፊት ይታያል፤ በሌላው ላይ ግን እስከ 40ና 50 ዓመት ድረስ ተደብቆ ይቆያል። ከአንድ እናትና አባት የተወለዳችሁ ሁሉ፣ ደህና ነኝ የሚለውም ጭምር፣ የደም ፋይታኒክ አሲድ ተመርመሩ። ምልክት ሳይመጣ የተገኘ ሰው ምግቡን ቢጀምር ዓይኑንም እግሩንም የማትረፍ ዕድሉ ከሁሉ የተሻለ ነው። የወንድምዎን ናሙና የላከው ላብራቶሪ የእናንተንም ይልካል። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ከነመለኪያው ጻፉና ያዙት፤ አንዱ ላብራቶሪ በማይክሮሞል፣ ሌላው በሚሊ ግራም ስለሚጽፍ ሐኪሙ የዘንድሮውን ከአምናው ሊያወዳድር የሚችለው መለኪያው ሲታወቅ ነው።